ግራዋ የዋጠ ማሽን

ሃያ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ተራ ምን እንደሆነ ያውቃል። ልደታ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ኋላ ቁጭ ብዬ «ተራህን ጠብቅ፣ ተራሽን ጠብቂ» እያልኩ ነው ጡረታ የወጣሁት። ቸኩያለሁ ያለ፣ ጠበቃ ነኝ ያለ፣ የትልቅ ሰው ዘመድ ነኝ ያለ ሁሉ እኔ ፊት ተሰልፏል። ስለዚህ ባለፈው ኅዳር፣ በገዛ ማኅበሬ ላይ፣ «ዘንድሮ እንኳ እሷን እንለፋት» ሲባል ስሰማ ደሜ ቢፈላ የሚፈርድብኝ ያለ አይመስለኝም።

የልደታ ማኅበራችን ሃያ አራት አባላት አሉት። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ድግሱ በተራ ነው። ሲሰላ ለአንድ ሰው ተራ የሚደርሰው በሁለት ዓመት አንዴ ነው ማለት ነው። የታኅሣሥ ተረኛ እኔ ነበርኩ። ሙሴያችን፣ ማኅበሩን የሚመሩት ሽማግሌ፣ ጽዋውን አንሥተው ወደ እኔ ዞር እንዳሉ ዕቃ ያዣችን ጣልቃ ገባች። ዕቃ ያዥ የምንላት የማኅበሩን ሰሃንና ብርጭቆ የምታስቀምጠውን፣ ከቤት ቤት የምታዞረውንና ጎደለ አልጎደለ ብላ የምትቆጥረውን ሴት ነው። ቤቷ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው። እኩያዬ ነች።

«እጇን እያመማት ለምን እናስጨንቃታለን?» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «ትረፍ። ዘንድሮ እንኳ እሷን እንለፋት።»

ልስላሴው ነው ያቃጠለኝ። ምክንያቱም ከሁለት ዓመት በፊት፣ ያለፈው ተራዬ ላይ፣ የሆነውን እኔ አውቃለሁ። ያኔ እጄ በችፌ ተበልቶ ነበር። ጉልጥምቴ ሁሉ ተሰነጣጥቆ፣ ቆዳዬ እየተላጠ፣ ጣቴን ባጠፍኩ ቁጥር ደም ጠብ ይል ነበር። ሰሃን ይዤ ፊቷ ሳስቀምጥላት ዓይኗ እጄ ላይ አረፈ። ከዚያ ሰሃኑን በሁለት ጣቷ፣ ቀስ አድርጋ፣ ገፋ አደረገችው። «ጠግቤያለሁ» አለች። ገና አንድም አልቀመሰችም። ከእኔ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። እኔም ለማንም አልተናገርኩም፤ ለልጄም ጭምር። ግን ያን ቀን ማታ ሰሃኖቹን ሁሉ ስጠርግ ያችን አንዷን ሰሃን ለብቻዋ ነበር ያየኋት።

ሐኪሙ ደግሞ ምን አለኝ? «ችፌ አይተላለፍም። የሚያስነሣብሽ ሳሙናና ውሃ ነው፤ ከሁለቱ ራቂ።» ኩሽና ላላት ሴት እንዲህ አይነት ምክር መስጠት ከመሬት ራቂ እንደማለት ነው። ጓንት ሞከርኩ፤ ውስጡ እያላበኝ ባሰብኝ። ዕቃ ማጠቢያ ሴት ቅጠሪ አሉኝ፤ ለብቻዬ ለምበላበት ሁለት ሰሃን ሰው ልቀጥር? አሻፈረኝ አልኩ።

ማሽኑ የመጣው እንዲህ ነው። ልጄ በሰው ቤት የኩሽና ቁም ሳጥን የሚገጥም አናጢ ነው። አንዱ ደንበኛው ትልቅ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ ትንሹን «ውሰድልኝ» አለው፤ ልጄም በሰኔ ለእኔ ይዞት መጣ። ኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ከጓደኛው ጋር ተሸክመው ሲያወጡት ደረጃው ላይ ያላላገጠ ጎረቤት የለም። አንዷማ «እንግዲህ የሚተኛልሽ ማሽን ነው የቀረሽ» አለችኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኳት።

መቼም ሲጀመር አላዋረደኝም አልልም። በመጀመሪያው ቀን የእጅ ፈሳሽ ሳሙና ጨመርኩበትና አረፋው በበሩ ሥር ወጥቶ ሳሎን ገባ፤ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ዱቄት እንዳለ ያወቅሁት አረፋውን በባልዲ እየዛቅሁ ነው። ቀጥሎ ብርጭቆዎቹ ነጭ ነገር ለብሰው መውጣት ጀመሩ። ተበላሸ ብዬ ስደነግጥ ለካ ውሃችን ነው፤ ኖራ ይበዛበታል። አንድ ኩባያ አቼቶ አድርጌ ባዶውን ባዞርኩት ጊዜ ጠራ። ሽሮን በተመለከተ ደግሞ ልንገራችሁ፦ ደርቆ የተጣበቀ ሽሮ የሚያስለቅቅ ማሽን ገና አልተፈጠረም፤ ድስቱን አስቀድሞ መንከር ግድ ነው። ሳንጨቃጨቅ የዋልንበት ቀን አልነበረም፤ ግን ተግባባን። በመስከረም ቆዳዬ ተመለሰ። በክረምቱ ለመታወቂያ ጣቴን ሳስነካው «አልነበበም» እያለ የመለሰኝ መሣሪያ በመስከረም አሻራዬን አነበበው። ጠፍታ የነበረች ሴት የተገኘች ያህል ተሰማኝና እዚያው ሰው ፊት ሳቅሁ።

ታዲያ ኅዳር በአንድ ዕቃ ያዣችን «እንለፋት» ስትል ተነሥቼ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ለሙሴያችን አሳየኋቸው፣ ለቄሳችን አሳየኋቸው፣ ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ አንድ በአንድ ለማኅበርተኛው ሁሉ አዞርኳቸው።

«አባባ፣ እጄ ድኗል» አልኳቸው ሙሴያችንን። «ተራዬን ማንም አያልፍብኝ።»

ሽማግሌው እጄን አይተው ፈገግ አሉና «ተቀበይ እንግዲህ» ብለው ጽዋውን ሰጡኝ። ዕቃ ያዣችን ነጠላዋን አስተካከለች።

ኅዳር ሃያ ስድስት ቀን የማኅበሩን ዕቃ በሁለት ማዳበሪያ አስጭና መጣች። ጾሙ ከገባ አሥር ቀን አልፎታል። እንደ ልማዳችን ተረኛ ዕቃውን ተረክባ፣ አቧራውን አጥባ፣ ከድግሱ በኋላም አጥባ ትመልሳለች። ሰሃኖቹን ቆጥራ ስታስረክበኝ ቆየችና ኩሽና ስትገባ ማሽኑን አየችው። በሩን ከፈት አድርጋ ወደ ውስጥ አጮለቀች።

«እዚህ ውስጥ ነው የምታጥቢው?»

«እዚህ ውስጥ ነው።»

«የዶሮ ሰሃን አልገባበትም?»

«ሲፈሰክ ገብቶበታል። ምን ልታዘዝ?»

«ቅቤ የነካ ሰሃን ሲዞርበት ከርሞ የማኅበር ሰሃን በጾም አይገባበትም» አለች። «እኔ ለዚህ ዕቃ ኃላፊ ነኝ። የጾም ድስትና የፍስክ ድስት የምትለዪ ሴት ይሄን እንዴት አጣሽው?»

አልዋሻችሁም፣ እዚህ ላይ እውነት ነበራት። ቤቴ ውስጥ የጾም ድስት ለብቻው ነው፣ የፍስክ ድስት ለብቻው ነው፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። ማሽኑ ግን አንድ ነው። ጾሙ ሲገባ በሙቅ ውሃ ባዶውን አዙሬዋለሁ፤ ለእኔ በቂ ነበር። ለእሷ ግን በቂ እንደማይሆን ገባኝ፤ ነገር ፈልጋ እንደመጣችም ገባኝ። በእጅሽ እጠቢው ልትለኝ ነው። ሃያ አራት ሰው የሚበላበትን ሰሃን፣ ያን ሁሉ ብርጭቆ፣ ያን ሁሉ ማንኪያ በእጄ ባጥብ በድግሱ ቀን ጉልጥምቴ ተሰንጥቆ ነው የምገኘው። ከዚያ «አላልኳችሁም?» ትላለች። ተራዬ የሚወድቀው እዚህች ሲንክ ውስጥ ነው ማለት ነው።

«ጠላ የተጠመቀበት ጋን በምን ነው የሚጠራው?» አልኳት።

«በግራዋ።»

«በቃ። ማሽኑንም በግራዋ አጠራዋለሁ።»

አሰበችበት። ለጋን የሆነ ለብረት የማይሆንበት ምክንያት አላገኘችም። «እንደሱ ከሆነ እኔ ራሴ ቆሜ አያለሁ» አለች። በማግሥቱም ጠዋት ግራዋውን ራሷ ከገበያ ገዝታ፣ አንድ ሙሉ እቅፍ ቅጠል ከነእንጨቱ ይዛልኝ መጣች። ይህንንም ልመስክርላት።

ሁለታችን እንደ ሙሽራ ቤት ጎዘጎዝነው። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ግራዋ፣ የታችኛው ላይ ግራዋ፣ በሹካ ማስቀመጫው ውስጥ ሳይቀር ግራዋ። እኔ እንዲያውም ወይራ ላጥንበት ሁሉ አስቤ ነበር፤ ፕላስቲኩ እንዳይቀልጥ ፈርቼ ተውኩት። በሩን ዘጋንና በሙቅ ውሃ አስነሣሁት። ጎን ለጎን ቆመን ድምፁን አዳመጥን። ቤቱ በግራዋ ሽታ ታወደ። ለአንድ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔና ያቺ ሴት አንድ ሐሳብ ነበረን።

ከዚያ ማሽኑ አጓራ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አጓራ፣ ሦስት ጊዜ ጮኸና ቀይ መብራቱን ያበራ ያጠፋ ጀመር። በሩን ብከፍተው አረንጓዴ ውሃ እስከ ታችኛው መደርደሪያ ተኝቷል። ቅጠሉ በሙቁ ውሃ ተቀቅሎ እንደ ጎመን ሆኗል፤ ውሃው መውጫ አጥቷል።

«አየሽ» አለች ዕቃ ያዣችን። «እግዜርም አልፈቀደልሽ።»

«እግዜር ስለ ቱቦ ምን አገባው?»

«ነገ ወዲያ ከሰዓት እመጣለሁ። ሰሃኑ ያኔ ታጥቦ ካላገኘሁት ለሚቀጥለዋ ተረኛ እወስደዋለሁ። ማኅበር ያንቺን ማሽን አይጠብቅም።» ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወረደች።

በዚያች ሰዓት ይዞኝ የነበረውን እልህ መደበቅ አልፈልግም። ጎረቤቶቼን ብለምን ያጥቡልኝ ነበር። አልለመንኩም። ብለምን ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጠመንጃ ያዥ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ልጄ ለሥራ ሐዋሳ ወርዷል፤ ስደውልለት «እማ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እስከዚያ እንዳትነኪው» አለኝ። ቅዳሜ ማኅበሩ ካለፈ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ከአብነት ሰፈር አንድ ጠጋኝ አስጠራሁ። ቦርሳውን ሳይፈታ፣ በሩን ሳይከፍት፣ አንድ ጊዜ አስነሥቶ ጆሮውን አስጠጋና ፍርዱን ሰጠ።

«ማዘር፣ ፓምፑ ተቃጥሏል። መለዋወጫው ደግሞ አገር ውስጥ አይገኝም።»

«ከፍተህ አየኸው?»

«መክፈት አያስፈልገውም። ልምድ ነው።»

«ልምድ ማስረጃ አይሆንም» አልኩት። ሃያ ስምንት ዓመት ማስረጃ ያላያያዘ አቤቱታ ስመልስ የኖርኩ ሴት ነኝ።

«ማሽኑ እኮ አርጅቷል፣ ማዘር። ለቆራሌው ስጪውና ይገላግልሽ።»

«እኔም አርጅቻለሁ። እኔንስ ለማን ልትሰጠኝ ነው?»

ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰነፍ እንጂ። የመጣበትን ሰጥቼ ሸኘሁትና በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ወገቤን ታጠቅሁ።

የለመድኩትን ነው ያደረግሁት፤ ደብተር አወጣሁ። መዝገብ ቤት ሳለሁ ባለጉዳይ እየጮኸ ሲመጣ ጩኸቱን ትቼ የሆነውን በቅደም ተከተል አስጽፈው ነበር። ጻፍኩ፦ ውሃ ያስገባል። ያሞቃል። ይረጫል። አያስወጣም። ሊያስወጣ ሲል ያጓራል፣ ከዚያ ይቆማል። ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን ሳነበው መልሱ ራሱ ወጣ። የተቃጠለ ሞተር ያጓራል እንዴ? የሞተ ነገር አያጓራም። ይህ ሞተር በሕይወት አለ፤ አላንቀሳቅስ ያለው ነገር አለ። ጠጋኙ ከሰማው ከዚያው ድምፅ ነው እኔ ይህን ያገኘሁት፤ ልዩነታችን እኔ እንዲሞት አለመፈለጌ ብቻ ነው።

አስቀድሜ ከሶኬቱ ነቀልኩት። ይህን ሳታደርጉ እጃችሁን እንዳታስገቡ። ውሃውን በኩባያ እየቀዳሁ ባልዲ ሞላሁ፤ የቀረውን በስፖንጅ መጠጥኩት። የማሽኑ ወለል ላይ ያለውን ክብ ማጣሪያ ወደ ግራ ሳዞረው ወጣልኝ። ቀዳዳው አይታይም፤ ግራዋ ድፍን አድርጎታል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጌ በቧንቧ ሥር አጠብኩት። መልሼ ሞከርኩ። አጓራ፤ ቆመ። ተስፋ የሚቆርጥ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቆርጠው።

መመሪያው በቱርክኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ሥዕሉን ነው የማነበው። አንደኛው ሥዕል ላይ ከማጣሪያው በታች አንዲት ትንሽ ክዳን ስትነሣ ይታያል። በማንኪያ እጀታ ፈልቅቄ አነሣኋት። ከሥሯ ጠባብ ጉድጓድ አለ፤ ጨለማ ነው፤ የቆመ ቅባትና ሳሙና ሞልቶታል። ልጄ በስልክ «ጓንት አድርጊ፣ እማ፣ ጓንት» ይላል። ጓንት አደረግሁ። የጓንቱ ጣት ወፍራም ሆነና ምን እንደነካሁ ማወቅ አቃተኝ። ጎማ ልንካ፣ እንጨት ልንካ፣ የራሴን ጥፍር ልንካ አላውቅም።

ጓንቱን ወለሉ ላይ ተውኩት።

ይህን ሳደርግ ምን እየከፈልኩ እንደሆነ ጠንቅቄ አውቅ ነበር። እጄን ውሃ ላለማስነካት የመጣ ማሽን ውስጥ፣ እጄን ለማዳን ስል፣ እጄን እስከ አንጓዬ ነከርኩ። ሞኝነት ነው ካላችሁ ሞኝነት ነው በሉ። ጣቴ አንዲት ትንሽ ዘዋሪ ነካች፤ ውሃውን ገፍታ የምታስወጣው እሷ ነች። ላዞራት ሞከርኩ፤ አልዞር አለች። ከሥሯ እንደ ስንጥር ያለ ነገር ተወሽቋል። ወረንጦዬን አመጣሁ፣ ያ ቅንድብ የማነሣበትን። ይይዘዋል፣ ያመልጠዋል፣ ይይዘዋል፣ ያመልጠዋል። መንበርከኩን ትቼ በደረቴ ተኛሁ። በመጨረሻ የግራዋ እንጨት፣ የጣቴን ግማሽ የማታክል፣ ተጎትታ ወጣች። ዘዋሪዋን በጣቴ ብገፋት ዞረች። ብቻዬን ቤት ውስጥ፣ ወለል ላይ ተኝቼ፣ እልል አልኩ። የታችኛው ፎቅ ሰዎች ሰርግ መስሏቸው ይሆናል።

አላለቀም ግን። ውሃ መውጫው ጎማ ሲንኩ ሥር ከሚገጥምበት ላይ በፒንሳ ፈታሁት፤ እዚያም ቅጠል ተወትፏል፤ ብወጋው ፊቴ ላይ ተፋብኝ። ያን ቀን ውሃው ወጣ። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ሌላ አመጣ፤ አሁን ውሃ አላስገባም አለ። ደብተሬን ገለጥኩ፣ ጻፍኩ፣ አሰብኩ። ውሃው ቧንቧው ላይ አለ፣ ማሽኑ ጋ አይደርስም፤ ስለዚህ ችግሩ በመሃል ነው። ቧንቧውን ዘግቼ የሚያስገባውን ጎማ ፈታሁት። ጫፉ ላይ የአዝራር ያህል ወንፊት አለ፤ አሸዋና ዝገት ሞልቶታል። አጠብኩት። የሚረጩትን ክንዶችም ነቅዬ ቀዳዳቸውን አንድ በአንድ በስንጥር ከፈትኩ፤ እዚያም ግራዋ ተሰግስጓል። ባዶውን ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ አዞርኩት። ከዚያ አንድ ሰሃን አጥቤ በምላሴ ላስኩት፤ ግራዋ መራራ ነውና ማኅበርተኛውን መራራ እንዳላበላ። አይመርም። የማኅበሩን ሰሃን በሦስት ዙር አጠብኩ።

ዕቃ ያዣችን እንዳለችው ከሰዓት መጣች። ሰሃኖቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። አንዱን አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው፤ ጣቷን አሻሸችበት፤ ገለበጠችው። ሁለተኛውን አነሣች። አሥረኛው ላይ ስትደርስ እንከን ፍለጋዋን ተወች። ደስታዬን መቼም አልደብቅም፤ ሆዴ ሳቀ።

ከዚያ እጄን አየችው።

ተሰንጥቆ ነበር። ሁለት ቀን ሳሙናና ቅባት ውስጥ ሲነከር የዋለ እጅ ነው፤ ከሌሊቱ ጀምሮ ሲያቃጥለኝ አድሯል። ደም የለውም፤ ግን ጉልጥምቴ ቀልቶ፣ ደርቆ፣ ቆዳዬ መላጥ ጀምሯል። እኔም ጠዋት አይቼዋለሁ። አይቼው አልቅሻለሁ፣ እሱንም አልደብቅም።

«ውይ!» አለች፤ ያው የለሰለሰው ድምፅ መጣ። «ይኸው ተነሣብሽ። በቃ፣ እንዲህ እናድርግ፤ ድግሱ ይሁን። ምግቡን ግን እኔ አቀርባለሁ። አንቺ ጓዳ አረፍ በይ፣ እሺ? ሰው ደስ አይለውም፣ ታውቂዋለሽ።»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺ ብላ ወሰደችውና ሄደች።

በበሩ ቆሜ ደረጃውን ስትወርድ እየሰማኋት ነበር። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሰብኩት ስሕተት ነው። የዳነ እጅ ላሳያት ነበር የምፈልገው። የዳነ እጅማ ማንም ይቀበላል። እኔ በሁለት ዓመት አንዴ የሚደርሰኝ ተራ ቆዳዬ በዳነበት ቀን ብቻ የሚሆን ከሆነ የእኔ አይደለም፣ የቆዳዬ ነው። ይህን ሳስብ ልቅሶዬ ቆመ።

ታኅሣሥ በአንድ ማኅበርተኛው ከቅዳሴ መልስ መጣ። ቤቴ ሞላ። ቄሳችን ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተባረከ፣ ተቆረሰ። ዕቃ ያዣችን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደግድጋ ወደ ኩሽና ተነሣች፤ የሽሮውን ትሪ ስታነሣ ደረስኩባትና ከእጇ ተቀበልኳት።

«ቁጭ በይ፣ እህቴ። ተረኛዋ እኔ ነኝ።»

«ተነጋግረን አልነበር?»

«አንቺ ተናገርሽ። እኔ አልተናገርኩም።»

በባዶ እጄ አቀረብኩ። እንጀራውን በእጄ አነሣሁ፣ ምስሩን በጭልፋ አወጣሁ፣ ሰሃኑን ለያንዳንዱ ሰው በእጄ ሰጠሁ። ያየ አየ። አንዳንዷ ዓይኗን ቶሎ መለሰች፤ ሙሴያችን ግን ሰሃኑን ሲቀበሉኝ እጄን ይዘው «ይማርሽ፣ ልጄ» አሉኝ። በርበሬው ስንጥቄ ውስጥ ገብቶ እንደ እሳት ይለበልበኛል። ፊቴ ላይ ምንም እንዲነበብ አልፈቀድኩም። መጨረሻ ላይ እሷ ጋ ደረስኩ። ሰሃኗን ተቀበለች፤ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሰው ሁሉ ሲበላ እሷ እንጀራውን በጣቷ ታገላብጣለች። አንድም አልጎረሰችም።

በርጩማ ሳብኩና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ከሰሃኗ ላይ እንጀራ ቆረስኩ፣ ሽሮ ጠቀለልኩ፣ ጎመን ጨመርኩ። እጄን ወደ አፏ አነሣሁ።

«አፈር ስሆን» አልኳት።

«ጠግቤያለሁ።»

«ገና አልበላሽም።» ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ ለእሷ ብቻ እንዲሰማት። «ያን ጊዜም አልበላሽም ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያ ሁሉ ልስላሴ ከፊቷ ጠፋ። እሷም ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላየኝም ብላ ኖራለች።

«አይተሽኝ ነበር?» አለች በሹክሹክታ።

«አይቼሻለሁ።»

አጠገባችን ያሉት ማኘክ አቆሙ። ሽሮው በጣቴ መሃል ወርዶ ስንጥቄ ውስጥ ገባ። እጄን አላወረድኩም። እስከ ማታ ብትቀመጥ እስከ ማታ እይዘው ነበር። ዓይኗ እጄ ላይ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ወደ ዓይኔ መጣ፤ እርጥብ ነበር። አፏን ከፈተች።

ከንፈሯ ጉልጥምቴን ነካው። አኘከች። እስክትውጥ ድረስ ከፊቷ አልተነሣሁም፤ ከዋጠችም በኋላ አልተነሣሁም። ሁለተኛውን መጠቅለል ስጀምር ቀና ብዬ ባያት፣ ሳላነሣላት ገና፣ አፏን ከፍታ ትጠብቀኛለች።